«ምን እናጠጣው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት፦ ያለጊዜው ከእናቱ ስለተለየ ግልገል



ፋኩልቲያችን ይህን ሕዝባዊ ንግግር እንዳቀርብ ሲጋብዘኝ ርእስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርሁም። በማስተማር ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የቢሮዬ በር ይንኳኳል። በሩ ላይ የሚቆመው አንዳንድ ጊዜ ተማሪ፣ አንዳንድ ጊዜ የግቢያችን ጥበቃ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሰፈር ሰው ነው። በእጁ ካርቶን ይዟል። በካርቶኑ ውስጥ ዓይኑ ያልተገለጠ ቡችላ፣ ወይም የድመት ግልገል፣ አንድ ጊዜም እግሮቿን አጣጥፋ የተኛች የሚዳቋ ግልገል ነበረች። ጥያቄው ግን ምንጊዜም አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ምን እናጠጣው?»

ጥያቄው ከደግ ልብ የሚወጣ ነው፤ በዚህ አልጠራጠርም። ነገር ግን ቦታው አይደለም። ከእርሱ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ሌሎች ጥያቄዎች አሉ፤ እነርሱ ሳይመለሱ የሚሰጥ ወተት ብዙ ጊዜ ግልገሉን ከማዳን ይልቅ ይገድለዋል። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ከሠራሁ በኋላ፣ በገዛ እጄ በፈጸምሁት ስሕተት ነው። ስለዚህ የዛሬውን ንግግሬን በዚያ ስሕተት ዙሪያ ላድርገው።

ታሪኩ የተፈጸመው በአንድ ለአብዛኛዎቻችን እንግዳ በሆነ እንስሳ ላይ ነው። ስሙ ፌሬት ይባላል። በአገራችን አይገኝም። ሙጭልጭላ የምንላቸውን ቀጭን ወገብና አጭር እግር ያላቸውን ትናንሽ አዳኞች በዓይነ ኅሊናችሁ ብታዩ ከመልኩ ብዙ አትርቁም። ከአውሮፓ የዱር ዘመዱ ተለይቶ ለማዳ ከሆነ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ እንደሚሆነው ይገመታል። ሰው ያለመደው ጥንቸልን ከጉድጓዷ አስፈራርቶ እንዲያስወጣለት ነው። በእንግሊዝ ገጠር ዛሬም ለዚህ ሥራ ይውላል፤ በከተማ ደግሞ እንደ ድመት በቤት ውስጥ ይኖራል። በሕክምና ታሪክም ስፍራ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1933 በለንደን የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በፌሬቶች ላይ በተደረገ ምርምር ነበር። የእኛ ኢንፍሉዌንዛ በቀላሉ ይይዘዋልና፣ ያመመው ሰው ወደ ግልገሎቹ መቅረብ የለበትም።

ይህን እንስሳ ለምሳሌ የመረጥሁበት ሌላም ምክንያት አለ። ፌሬት እጅግ ሳይበስል የሚወለድ ፍጡር ነው። እናቲቱ የምታረግዘው ለ42 ቀናት ገደማ ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ስምንት ያህል ግልገሎች ትወልዳለች፤ እያንዳንዱ ሲወለድ ክብደቱ 10 ግራም ገደማ ነው። ዓይኑ የተዘጋ፣ ጆሮው የተደፈነ፣ ቆዳው ከሞላ ጎደል እርቃኑን የቀረ ነው። ዓይኑ እስኪገለጥ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይፈጃል። ጡት የሚጥለው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ጥጃ በተወለደ በሰዓቱ ቆሞ እናቱን ይፈልጋል፤ የፌሬት ግልገል ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ያለ እናቱ ምንም ነው። እናት ለልጇ የምታደርገው ነገር ሁሉ፣ እናት ስትጠፋ በዚህ እንስሳ ላይ አንድ በአንድ ጎልቶ ይታያል።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። ለዶክትሬት ጥናቴ እንግሊዝ አገር በነበርሁበት ወቅት ነው። ጥናቴ በከብት በሽታ ላይ ነበር፤ ሆኖም ቅዳሜና እሑድ የተጣሉ ፌሬቶችን በሚያስጠጋ አንድ አነስተኛ መጠለያ በበጎ ፈቃደኝነት አገለግል ነበር። እውነቱን ለመናገር የሄድሁት ከብቸኝነት ለመሸሽም ጭምር ነው። አንድ ዝናባማ የቅዳሜ ምሽት ብቻዬን ተረኛ ሆኜ ሳለሁ፣ በመጠለያው ደጃፍ የጫማ ካርቶን ተቀምጦ አገኘሁ። በውስጡ ሁለት ግልገሎች ነበሩ፤ አንዲት ትንሽ እንስትና ከእርሷ ጥቂት የሚበልጥ ወንድ። ስስ ጸጉር አብቅለዋል፤ ዓይናቸው ግን አልተገለጠም። ሦስት ሳምንት ቢሆናቸው ነው። ድምፃቸው እንደ ወፍ ጫጩት የሰለለ ነበር። በእጄ ስይዛቸው ቀዝቅዘው ነበር፤ መቀዝቀዛቸውን አስተውያለሁ፤ ትርጉሙን ግን አላሰብሁበትም።

እኔ ያሰብሁት ረኃባቸውን ነው። የላም ወተት ለብ አደረግሁና በሲሪንጅ ወደ አፋቸው ጠብ አደረግሁላቸው። ወንዱ አፉን ዘጋ፤ ወተቱ በአገጩ ፈሰሰ፤ እኔም ተናደድሁበት። ትንሿ ግን አፏን ከፈተች። የምትውጥ መሰለኝ፤ ደስም አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ወተቱ በአፍንጫዋ ብቅ አለ። ጠረግሁላት፤ በጨርቅም ጠቅልዬ አስተኛኋት። ሊነጋ ሲል ሞታ አገኘኋት።

መጠለያውን የሚመሩት በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊት ሴት ነበሩ። የእንስሳት ሕክምና አልተማሩም፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ግን ፌሬት አሳድገዋል። ጠዋት ሲመጡ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። የሰጠሁት ምን ዓይነት ወተት እንደሆነ፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ይጠይቁኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ወንዱን አንሥተው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አስጠጉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ከመመገብህ በፊት ሞቀው ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው።

አዲስ የተወለደ ሥጋ በል እንስሳ የራሱን ሙቀት ማመንጨት አይችልም፤ ወይም የሚችለው እጅግ ጥቂት ነው። በተፈጥሮ የሚሞቀው በእናቱ ሆድና በወንድሞቹ ክምር ነው። ከእነርሱ ሲለይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ የልቡ ምት ይዘገያል፤ አንጀቱ መንቀሳቀሱን ያቆማል፤ የመጥባትና የመዋጥ ግብረ መልሱም ይዳከማል። በዚህ ሁኔታ የተሰጠ ወተት ወይ በሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀራል፤ ወይ መንገዱን ስቶ ወደ ሳንባ ይገባል። ትንሿን የገደላት ይህ ነው። ወንዱን ያተረፈው ደግሞ እኔ እንደ እምቢታ የቆጠርሁት አፍ መዝጋቱ ነው። ለቡችላ በሕክምና የምንከተለው ደንብ ግልጽ ነው፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ በአፉ ምንም ምግብ አይሰጠውም።

ማሞቁም ቢሆን ዘዴ አለው። ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ወይም ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር ሌላ ጥፋት ነው፤ በድንገት የሞቀ ሰውነት ይጎዳል። ሴትየዋ ያሳዩኝ ዘዴ በማንኛችንም ቤት የሚሠራ ነው። በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለውን የውኃ ላስቲክ ለብ ባለ ውኃ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ በካርቶኑ አንድ ጎን ብቻ ማስቀመጥ። በአንድ ጎን ብቻ የሆነው ግልገሉ ሲበዛበት እንዲሸሽ ነው። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ያ ሰዓት ለተንከባካቢው ረጅም ነው፤ እጅ ሥራ ይፈልጋል፤ ግልገሉ ይጮኻል። ነገር ግን ያንን ሰዓት መታገሥ ከሕክምናው ሁሉ የሚበልጥ ሕክምና ነው።

ወንዱ ግልገል ሲሞቅ መንቀሳቀስና አፉን ማሹለክ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው «ምን እናጠጣው?» የሚለው ጥያቄ ቦታውን ያገኘው። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስሕተቴን ልንገራችሁ። የላም ወተት ለጥጃ የተሠራ ነው። በውስጡ ያለው ስብ ከመቶ አራት ገደማ፣ ፕሮቲኑ ከመቶ ሦስት ከፍ ያለ፣ የወተት ስኳሩ ደግሞ ወደ አምስት የሚጠጋ ነው። የውሻን ወተት ብንመለከት ስቡ ወደ ዘጠኝ፣ ፕሮቲኑ ወደ ሰባትና ስምንት ሲደርስ ስኳሩ ከላም ወተት ያንሳል። የሥጋ በል እናቶች ወተት በጠቅላላው እንዲህ ነው፤ በስብና በፕሮቲን የከበደ፣ በስኳር የቀለለ። የላም ወተት የሚሰጠው ግልገል ሆዱ እየተነፋ፣ እየቀዘነ፣ ያለውንም ፈሳሽ ያጣል። ስለዚህ ለቡችላ ወይም ለድመት ግልገል የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ይመረጣል።

ፌሬት ደግሞ ከዚህም አልፎ አንድ የሚያስደንቅ ጠባይ አለው። ግልገሉ ዓይኑ ሳይገለጥ፣ በሦስት ሳምንቱ ገደማ፣ እናቱ ወደ ጎጆው ያስገባችለትን ሥጋ በማሽተት ፈልጎ መላስ ይጀምራል። አንጀቱ አጭር ነው፤ አዋቂው ፌሬት የበላው ምግብ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ መብላት አለበት። ሴትየዋ በሙቅ ውኃ ያላሙትን የድመት ግልገል ምግብ ከዱቄት ወተቱ ጋር አዋሕደው፣ እንደ ቀጭን ገንፎ አድርገው፣ በጣታቸው ጫፍ ወደ ከንፈሩ አስጠጉለት። ላሰ። እኔ በሲሪንጅ ወደ ጉሮሮው ላስገድደው የሞከርሁትን እርሱ በፈቃዱ ወሰደ። የእጅ ምግብ ሲሰጥ ግልገሉ በሆዱ ተኝቶ፣ አንገቱን በመጠኑ ቀና አድርጎ መሆን አለበት እንጂ እንደ ሰው ሕፃን በጀርባው መንጋለል የለበትም። ፍጥነቱንም የሚወስነው ግልገሉ ነው።

ከበላ በኋላም ሥራው አላለቀም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙዎቹ ግልገሎች በራሳቸው ሽንትና ዓይነ ምድር ማስወጣት አይችሉም። እናት ከሆዳቸው በታች እየላሰች ታነቃቃቸዋለች። እናት በሌለችበት በሞቀ ውኃ የረጠበ ጥጥ የእርሷን ምላስ ይተካል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ፣ በደንብ የበላ ግልገል ሆዱ ተወጥሮ ሲሞት «ወተቱ ተመርዞ ነው» ይላል።

ሌላው ያስተማሩኝ ነገር መዝገብ ነው። በኩሽና ሚዛን ጠዋትና ማታ ይመዝኑት ነበር፤ ቁጥሩንም በአንድ ተራ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። «ዓይንህ ይዋሻል፤ ሚዛን አይዋሽም» አሉኝ። እውነት ነው። የምንወደውን ነገር ስናይ የሚሻሻል ይመስለናል። ክብደቱ በአንድ ቀን ውስጥ ሳይጨምር የቀረ ግልገል፣ ምንም ያህል ንቁ ቢመስል፣ ችግር ላይ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት እጃችን እናትን እንዴት እንደሚተካ ነው። አሁን ግን ወደ ዋናው ሐሳቤ እመጣለሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ከሴትየዋ ጋር በየአራት ሰዓቱ እየተፈራረቅን ግልገሉን አበላን፣ አሞቅን፣ ጠረግን። ደክሞኝ ነበር፤ ግን ኩራት ተሰምቶኛል። የዚያ ግልገል እናት የሆንሁ ያህል ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሴትየዋ ስልክ ደውለው አንድ የሚያውቁት ሰው ቤት የወለደች ፌሬት እንዳለች አረጋገጡ፤ ልጆቿም ከእኛው ግልገል ዕድሜ ጋር ይቀራረባሉ። እንሂድ አሉኝ። እኔም ተከራከርሁ፤ «አሁን እኮ ደኅና ነው፤ እኔ አሳድገዋለሁ» አልሁ። እርሳቸውም «አንተ ልታሞቀው ትችላለህ፤ ልታበላውም ትችላለህ፤ ፌሬት ልታደርገው ግን አትችልም» አሉኝ።

ሄድን። እናቲቱ ለመብላት ከጎጆዋ ስትወጣ ጠብቀን፣ ግልገሉን በጎጆዋ ድርቆሽ በደንብ አሸነው በልጆቿ መካከል ሸሸግነው። ተመለሰች። አሸተተች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ በማጅራቱ ነክሳ አነሣችው፤ ልቤ ቆመ። ግን ገልብጣ ላሰችው፤ ከሆዷ አስጠግታም ተኛች። እኛ ሁለት ቀን ሙሉ በጥጥ፣ በላስቲክና በሚዛን ስንደክምበት የነበረውን ሁሉ እርሷ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጀመረችው።

በመመለሻችን መኪና ውስጥ ሳለሁ ትዝ ያለኝ ያደግሁበት የደጋ መንደር ነው። አያቴ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። አንዲት በግ ወልዳ ስትሞትና ሌላዋ በግ ደግሞ ጠቦቷ ሲሞትባት፣ የሞተውን ጠቦት ቆዳ ገፍፈው ለሙት ልጁ እንደ ካባ ያለብሱታል። በጓ ታሸተዋለች፤ የልጇን ሽታ ታገኛለች፤ ጡቷን ትለቃለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ቆዳው ሲወልቅ ወተቷ በአዲሱ ልጅ አንጀት አልፎ የራሷ ሽታ ሆኗልና ከእንግዲህ አትገፋውም። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን እንዳትከለክል የጥጃዋን ቆዳ ጭድ ሞልተው ከፊቷ ሲያቆሙም ብዙዎቻችን አይተናል። ይህን ልማድ በልጅነቴ እንደ ማታለል አየው ነበር። በዚያ ቀን ግን አያቴና እንግሊዛዊቷ ሴት አንድ ነገር እንደሚያውቁ ገባኝ፦ ለሙት ልጅ የሚሻለው የሰው እጅ ሳይሆን ሌላ እናት ነው። የእኛ ሥራ በሁለቱ መካከል ድልድይ መሆን ነው።

ለምን ይሻላል? መልሱ በወተት ብቻ አያልቅም። የመጀመሪያው መከላከያ ነው። በእንገር አማካይነት እናት በሕይወቷ የተዋጋቻቸውን በሽታዎች የሚከላከል ኃይል ለልጇ ታወርሳለች። ፌሬት በውሻ ዲስተምፐር ከተያዘ የሚተርፍበት ዕድል የለም ለማለት ይቻላል፤ እስኪከተብ ድረስ ጋሻው ከእናቱ ያገኘው ነው። ሁለተኛው ጠባይ ነው። የፌሬት ግልገል ሲጫወት ይናከሳል፤ ወንድሙ ሲያምመው ይጮኻል፤ ጨዋታውም ይቆማል፤ እናት ስታምማት ትገፋዋለች። ንክሻን መመጠን የሚማረው እንዲህ ነው። ብቻውን በሰው እጅ ያደገ ፌሬት ጥርሱ የት ማቆም እንዳለበት አያውቅም፤ ሲያድግ «ክፉ» ተብሎ ይጣላል። በዚያ መጠለያ ከነበሩት ተናካሾች ጥቂት የማይባሉት ገና ሳይበስሉ ከእናታቸው የተለዩ ነበሩ። ሦስተኛው የምግብ ትምህርት ነው። ፌሬት በመጀመሪያዎቹ ወራቱ ያሸተተውንና የቀመሰውን ምግብ ብቻ እንደ ምግብ ያውቃል፤ ያ ጊዜ ካለፈ አዲስ ምግብን በረኃብም ቢሆን ይንቃል።

ይህ ሦስተኛው ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያሳይ በዓለም የታወቀ ምሳሌ አለ። በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች ጥቁር እግር ፌሬት የሚባል የዱር ዘመድ ይኖራል። ምግቡም ቤቱም በመንጋ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ ፕሬሪ ዶግ የሚባል የአይጥ ወገን ነው። ፕሬሪ ዶግ በመርዝና በእርሻ መስፋፋት ሲመናመን ፌሬቱም አብሮ ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ጨርሶ እንደጠፋ ይታመን ነበር። በ1981 ግን በዋዮሚንግ ግዛት፣ ሚቲትሲ በተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ አንድ የገበሬ ውሻ አንዱን ገድሎ ወደ ቤት አመጣ፤ በዚህም የቀሩት ተገኙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሽታ ገባባቸው። በ1987 የመጨረሻዎቹ ተይዘው ሲሰበሰቡ 18 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ በሕይወት ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም የሰባቱ ዘር ናቸው።

በእንክብካቤ ተራቡ፤ በ1991ም 49 ወጣት ፌሬቶች በዋዮሚንግ ወደ ዱር ተለቀቁ። ብዙዎቹ በሌሎች አዳኞች ተበሉ። ከጊዜ በኋላ የታየው ነገር ይህ ነበር፦ በሽቦ ቤት ያደጉት ከሚተርፉት ይልቅ፣ ከእናታቸው ጋር እውነተኛ ጉድጓድ ባለው ሰፊ በረት ውስጥ ያደጉትና ሕያው ፕሬሪ ዶግ ማደን የለመዱት ተሽለው ይተርፋሉ። ስለዚህ ዛሬ ማንም ግልገል ያንን ትምህርት ሳያልፍ ወደ ዱር አይለቀቅም። በ2020 ደግሞ ከ1988 ጀምሮ በበረዶ ተጠብቆ ከኖረ ሕዋስ፣ በለማዳ ፌሬት ማኅፀን ውስጥ፣ ኤልዛቤት አን የተባለች ጥቁር እግር ፌሬት ተወለደች። ሳይንስ ዘር መመለስ እስከሚችልበት ደረጃ ደርሷል። ያ ዘር የሚወለድበትና የሚጠባበት እናት ግን አሁንም ያስፈልገዋል።

ወደ አገራችን ልመለስ፤ ምክንያቱም ፌሬት ባይኖረንም ችግሩ አለን። ከአፍሪካ ቀንድ የአቦሸማኔ ደቦሎች ከእናታቸው ተነጥቀው በድብቅ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይወሰዳሉ። የአቦሸማኔ ደቦል ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይቆያል፤ የሚነጠቀው ግን በሳምንታትና በወራት ዕድሜው ነው። በመንገድ ላይ ብዙዎቹ ይሞታሉ። የተረፉትም አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ እየበሉ ካልሲየም ያጣሉ፤ እግራቸው ይጎብጣል። ከእጅ ነጥቀን ብናድናቸው እንኳ ማደን ያላስተማራቸው የለምና ወደ ዱር መመለሳቸው እጅግ አስቸጋሪ ነው። በከተሞቻችን ደግሞ ቡችሎች ዓይናቸው በተገለጠ ማግስት በመንገድ ዳር ይሸጣሉ፤ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ የተለየ ቡችላ በሽታም ፍርሃትም ይወርሰዋል። በወተት ላም እርባታ ጥጃው በተወለደ ዕለት ከእናቱ የሚለይበት አሠራር አለ። ይህ ከሆነ ቢያንስ እንገሩ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ፣ የክብደቱን አንድ ዐሥረኛ ያህል ሊደርሰው ይገባል፤ ጥጃ በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ደም መከላከያ አያገኝምና፣ አንድ ቀን ካለፈም አንጀቱ በሩን ይዘጋል።

በንግግሬ መጀመሪያ የጠቀስኋትን የሚዳቋ ግልገል ታስታውሳላችሁ። ያመጣት ወጣት ከቁጥቋጦ ሥር «ተጥላ» እንዳገኛት ነገረኝ። አልተጣለችም ነበር። ሚዳቋ ልጇን ሸሽጋ ለግጦሽ ትሄዳለች፤ ግልገሏም ሽታና ድምፅ ሳታሰማ እናቷን ትጠብቃለች። ወጣቱ ሳያውቅ ያደረገው ከእናቷ መንጠቅ ነው። በዚያው ዕለት ወዳነሣበት ቦታ መልሰን፣ ከሩቅ ሆነን ጠበቅን። ሲመሽ እናቲቱ መጣች።

ስለዚህ፣ ውድ ተማሪዎች፣ ካርቶን ይዞ ለሚመጣ ሰው የምትመልሱት በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ፦ እናቱ በእርግጥ የለችም? አለች ብላችሁ ከጠረጠራችሁ መልሱት፤ ከሩቅም ጠብቁ። ሁለተኛ፦ ሞቋል? ካልሞቀ አሙቁት፤ ምግብ ይቆይ። ሦስተኛ፦ ሌላ እናት ትገኛለች? እስክትገኝ ድረስ እንጂ ለዘለዓለም በእጃችሁ እንደምታሳድጉት አታስቡ። አራተኛ፣ ያን ጊዜ ብቻ፦ ምን እናጠጣው? ዘሩን ለይታችሁ ለዘሩ የሚስማማውን፣ በጥቂቱ፣ በሆዱ አስተኝታችሁ፣ በሚዛን እየመዘናችሁ። አንድ ነገር ጨምሩ፦ በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አለና ያልታወቀ ቡችላንም ሆነ የዱር ሥጋ በል ግልገልን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ከነከሳችሁም ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥባችሁ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ሂዱ። የዱር እንስሳ ከሆነም ማሳደግ የግል ጉዳያችሁ አይደለም፤ ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት አሳውቁ።

የዚያን ወንድ ግልገል ነገር ልጨርስላችሁ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ልጠይቀው ሄድሁ። ከማደጎ ወንድሞቹ ጋር በአንድ አሮጌ የሱሪ እግር ውስጥ እየገባና እየወጣ ይታገል ነበር። ከሌሎቹ ለይቼ ላውቀው አልቻልሁም፤ ባለቤቱ ጠቆመኝ። አንሥቼ ያዝሁት። እኔን አላወቀኝም፤ ጣቴን አሸተተ፤ በቀስታ ነከሰኝና ለቀቀኝ። ከዚያ ወደ ወንድሞቹ ለመመለስ ተንፈራገጠ። በመጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን የነከሰኝ በቀስታ መሆኑን አስተዋልሁ። ያንን ልኬት ያስተማረችው እናቱ ናት፤ እኔ ልሰጠው የማልችለው ነገር ነበር።

ያ የክብደት ደብተር ዛሬም ቢሮዬ አለ፤ ሴትየዋ ወደ አገሬ ስመለስ ሰጥተውኛል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለሁለት ግልገሎች የሚሆን ሁለት ዓምድ ተሰምሮበታል። አንደኛው ዓምድ ምንም ቁጥር የለበትም። በሩን ለሚያንኳኳ ሁሉ የማሳየው ያንን ገጽ ነው።